ከማንጎ ዛፍ ሥር የከረመ ቮልስ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አባቴ ሲያርፍ ቮልሱን ትቶልን ሄደ። 1967 ሞዴል ነው፣ ሞተሩ 1300። ግቢያችን ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ከቆመ ሰባት ዓመት ሆነው። አንድ ቀለም ቀቢ በአሥር ቀን አሳምሬ አስረክብሃለሁ፣ ሞተሩን ከዚያ ታስነሣለህ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ሁሉን ነገር ፈታተን እንደ አዲስ እንሥራው ይላል። ገንዘቤ ብዙ አይደለም። መኪናውን ግን መሸጥ አልፈልግም። ከየት ልጀምር? ባሕር ዳር ውስጥስ በዚህ ነገር የሚያግዘኝ ሰው አገኛለሁ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። መኪናውን አልሸጥም ማለትህ ደስ ብሎኛል። መልሴ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ወስደህ አንብበው።

መጀመሪያ ሁለቱንም ምክር ተዋቸው። ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው። ሥሩ የበሰበሰ ላሜራ ላይ የተቀባ ቀለም አንድ ክረምት አይሻገርም። ስቱኮው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ ገንዘብህም አብሮ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሁሉን መፍታትም ሌላ ጣጣ አለው። የተፈታቱ ቮልሶች ብዙ አይቻለሁ። ሞተሩ አንድ ጋራዥ፣ በሮቹ ዘመድ ቤት፣ ብሎኑ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ። ባለቤቶቹ መኪናቸውን ይወዱ ነበር። ገንዘቡ ግን መሐል ላይ አለቀ፤ የትኛው ብሎን የየት እንደሆነም ተረሳ። የሚንቀሳቀስ መኪና ባለቤቱን ያበረታዋል፣ የተፈታ መኪና ተስፋ ያስቆርጠዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ፍታ፣ ሥራ፣ ግጠም፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ።

በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ይኸ ነው። መጀመሪያ ውሃ የሚገባበትን ፈልጎ መዝጋትና ወለሉን መመርመር። ቀጥሎ ፍሬን። ቀጥሎ ነዳጅ። ከዚያ ሞተር። ከዚያ ጥቂት ወራት እየነዱ ማየት። ቀለሙ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ። ባሕር ዳር ውስጥ «ጣና መኪና ይበላል» ሲባል ትሰማለህ። ጣና ጨው የለበትም። እንደ ምፅዋና ጅቡቲ ያሉ የወደብ ከተሞችን መኪና የሚበላው ጨው እዚህ የለም። የእኛን መኪና የሚበላው ገብቶ የማይወጣ ውሃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይሞቃል። ብርጭቆው ላይ የምታየው ላብ በሩ ውስጥም ወለሉ ውስጥም አለ። የበጋው ፀሐይ ደግሞ የመስታወቱን ጎማ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። የሚቀጥለው ክረምት ውሃ በዚያ ስንጥቅ ይገባል። መኪናህ ላይ ደግሞ የማንጎው ቅጠል ተጨምሯል። ቅጠሉ ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፣ የውሃ መውረጃዎቹን ይደፍናል፣ ርጥበቱንም እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናውን ከዛፉ ሥር አውጣው። ጎማው ካልዞረ በኃይል አትጎትተው፤ ወደ ፍሬኑ ስንደርስ እነግርሃለሁ። ምንጣፎቹን ሁሉ አንሥተህ ፀሐይ ላይ አስጣ። ቀጥለህ የኋላውን መቀመጫ ንቀለው፤ ከፊት በኩል ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ይወጣል። ከሥሩ በቀኝ በኩል ባትሪው ተቀምጧል። ባትሪውን አውጥተህ ያረፈበትን ላሜራ እየው። የቮልስ ወለል መበስበስ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው፤ የባትሪው አሲድ ነው የሚያስጀምረው።

አሁን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያዝና በእጀታው ወለሉን ቀስ እያልክ አንኳኳ። ደህና ላሜራ ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ደነዝ ያለ ድምፅ ነው ያለው። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ጫፉን ጫን አድርገው። ቡናማ ቅርፊት ከተነሣና ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ብረት ካገኘህ እሰየው፤ የላይ ዝገት ነው። ካቻቢቴው ሰምጦ መሬቱ ከታየህ ግን እዚያ ቦታ ላሜራ የለም ማለት ነው። በኖራ ምልክት አድርግበት። ከባትሪው ሥር ጀምረህ በጠርዙ ዙሪያውን እስከ ፊት እግር ማሳረፊያው ድረስ እንዲሁ አድርግ። ከዚያ ከሁለቱ በሮች ሥር ወዳለው ሣጥን መሳይ ብረት እለፍ። ቮልስ ላይ ይኸ ብረት ከሞተር የሚመጣ ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያልፍበት ቱቦም ነው፣ ቦዲውን የሚሸከም አጥንትም ነው። እሱ ከበሰበሰ በሩ ሲከፈት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲዘጋ ደግሞ መነሣት ይፈልጋል። በሮችህን እስቲ ሞክራቸው።

ኖራው የነካው ቦታ ጥቂት ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። የበሰበሰውን እስከ ደህናው ብረት ቆርጦ ማውጣት፣ በተመጣጣኝ ላሜራ መበየድ፣ ዚንክ ያለበት አንቲረስት መቀባት። ባትላሜራው «በፋይበርና በስቱኮ እንድፈነው» ካለህ እሺ አትበለው። ስቱኮ ጉብጠት ለማስተካከል ነው እንጂ ቀዳዳ ለመድፈን አልተሠራም። በበሩ ሥር ያለው ብረት የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት ላይ አግድም ብረት ይበየድ። ይኸ ካልተደረገ ቦዲው ይንጋደዳል፤ በሩም ዳግመኛ በልኩ አይገጥምም። ሥራውን የምትሰጠው ሰው ይኸንን ሳትነግረው ካወቀ ጥሩ ባትላሜራ አግኝተሃል።

አንድ ነገር አደራ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ መሐል ለመሐል ባለፈው ቱቦ ላይ ተመትቷል። ወለል የሚቀይር ሰው እዚያ ቦታ በግራይንደር እንዳይጠጋ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተመሳሰለ ወይም ካልተነበበ ስም ስታዛውር ትቸገራለህ። የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት ካላወጣህም ከአሁኑ ጀምረው። ከጋራዡ ሥራ የማያንስ ጊዜ ይወስዳል።

የተቃጠለ ዘይት ከሥር የመርጨት ልማድ አለ። እኔ አልወደውም። ጎማ ነክ ነገሮችን ያበላሻል፣ አቧራ ይይዛል፣ ፍሬን ላይ ከደረሰም አደገኛ ነው። ይልቅ የበሮቹን የታች የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈታቸው። የመለዋወጫ ጎማው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ቦታ አጽዳው። የፊትና የኋላ መስታወት ጎማዎችን ለውጣቸው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ከማንኛውም ቀለም በላይ የመኪናህን ዕድሜ ያረዝማሉ።

ወደ ፍሬን እንሂድ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። ሞተር ማስነሣት ያጓጓል፣ ፍሬን ግን ሰው አያየውም። ቮልስህ አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ነው ያለው። የዚያ ዘመን ብዙ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው ነጠላ ነው። ይኸ ምን ማለት ነው? ዛሬ ያሉ መኪኖች ሁለት መስመር አላቸው፤ አንዱ ቢፈስ ሁለተኛው ይይዛል። በነጠላው ግን አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ይኸንን ማወቅ አትፈልግም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ርጥበት ይስባል። ለዚህ ነው በሁለት ዓመት አንዴ ይለወጥ የሚባለው። ሰባት ዓመት የቆመው ዘይት ውሃ ጠጥቷል፤ ውሃው ደግሞ የፍሬኑን ሲሊንደሮች ከውስጥ አዝጓቸዋል። ጎማህ አልዞር ያለው በዚህ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሸራው ከበሮው ላይ ስለተጣበቀ። መኪናውን በክሪክ አንሣ፣ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ አስገባ፣ የሸራ ማጥበቂያዎቹን በካቻቢቴ ወደ ኋላ አላላ፣ ከበሮውን በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ምታው። አብዛኛውን ጊዜ ይላቀቃል። የኋላው ከበሮ 36 ቁልፍና ረጅም ቱቦ ይፈልጋል። ስትገጥመው በ300 ኒውተን ሜትር አካባቢ መጥበቅ አለበት። ላልቶ ከተነዳ ጥርሱ ተበልቶ ያልቃል። ሠራተኛው በእጁ ጉልበት ብቻ ገምቶ አጠበቅሁት ካለህ ቶርክ ቁልፍ ፈልጉ በለው።

ከጎማ የተሠሩትን የፍሬን ዘይት ቱቦዎች አራቱንም ለውጥ፤ ከውጭ ደህና መስለው ቢታዩህም ለውጣቸው። አሮጌ ቱቦ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን ወደ ጎማው ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ ግን አይመልስም። እግርህን ካነሣህ በኋላ ፍሬኑ እንደያዘ ከቀረ ምክንያቱ ይኸ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ፖምፓና የጎማዎቹን ሲሊንደሮች ጎሚኒ ለውጥ፣ ውስጣቸው ከተቦረቦረ ራሳቸውን ለውጥ። አቅም ካገኘህ ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ ይገጠምለት። የመጀመሪያነቱን ይቀንሰዋል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ልጆችህን የምትጭንበት መኪና ነው።

ነዳጅ ላይ አጭር ልሁን። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ቤንዚንነቱን አጥቷል። ቀድተህ አውጣው፤ ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ ታንኩንም አውርደህ አሳጥበው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን አትግዛ፤ ውሃም ጋዝም ሊኖርበት ይችላል። የነዳጅ ቱቦዎችን በሙሉ ለአዲሱ ቤንዚን በሚሆን ዓይነት ለውጥ። ቤንዚን ውስጥ ኢታኖል ካለ አሮጌ ጎማን ያፈርሳል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም በል። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ላይ ቱቦው የሚሰካባት አጭር የናስ ጫፍ አለች። በግፊት ብቻ የገባች ናት፣ ከዓመታት ንዝረት በኋላ ትላላለች። ከተነቀለች ቤንዚኑ በቀጥታ በሚሠራው ሞተር ላይ ይፈስሳል። የቮልስ የሞተር አካል ማግኒዚየም የተቀላቀለበት ብረት ነው፤ አንዴ እሳት ከያዘው ውሃ ብትደፋበት ይብሳል። ጫፏን በእጅህ ነቅነቅ አድርጋት። ከተንቀሳቀሰች እንደገና ትጠበቅ። የዱቄት እሳት ማጥፊያም መኪናው ውስጥ ይኑርህ።

ባትሪውንም ሳልረሳ ልንገርህ። የ1967 ሞዴል እንደ ተመረተበት ወርና እንደ ተላከበት አገር 6 ቮልትም 12 ቮልትም ሊሆን ይችላል። ባትሪ ከመግዛትህ በፊት አምፖሎቹ ላይና ዲናሞው ላይ የተጻፈውን አንብብ። 6 ቮልት ሆኖ 12 ካገናኘህበት አምፖሎቹን በአንድ ጊዜ ታቃጥላለህ። አዲሱ ባትሪ ከአሮጌው ረዘም ያለ ከሆነ ደግሞ የመቀመጫው ሽቦ ጫፉን ይነካዋል። ሦስት ሰው ኋላ ሲቀመጥ ሽቦው ይወርዳል፣ ብልጭታ ይነሣል፣ የመቀመጫው ጭድ ይያያዛል። ይኸ በቮልስ የታወቀ አደጋ ነው። ባትሪው ላይ የፕላስቲክ ክዳን አድርግበት።

አሁን ወደምትጓጓለት እንምጣ።

ሞተሩን ቁልፍ አዙረህ አታስነሣው። በመጀመሪያ የኋላውን ክዳን ክፈትና የአየር ማራገቢያው ያለበትን ትልቅ የላሜራ ቤት ተመልከት። ቮልስ ራዲያተር የለውም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዚያ ማራገቢያ አየር ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ቮልስ ላይ አይጥ የምትወደው ቤት ያ ነው። ደረቅ፣ ጨለማ፣ ከድመት የራቀ። የማንጎ ቅጠሉም ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ክፍተቶች ይገባል። በባትሪ መብራት እያየህ፣ በእጅህም እየዳሰስህ ፈትሽ። የአይጥ ጎጆ ካገኘህ ማራገቢያ ቤቱ መነሣት አለበት፤ ጎጆው ሲሊንደሮቹ ላይ ተኝቶ አየር እንዳያገኙ ያደርጋል። እንዲህ ሆኖ የተነሣ ሞተር መጀመሪያ በደንብ ይሠራል። ዳገት ሲያገኝ ግን ይቃጠላል።

ቀጥሎ አራቱን ካንዴላ ፍታ። በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምርና አሳድረው። ጠዋት 21 ቁልፍ የዲናሞው ፑሊ ዳዶ ላይ አድርግና ቀስ ብለህ አዙር። ካንዴላው ስለወጣ በቀላሉ ይዞራል። ካልዞረ አትታገለው፤ ዘይት ጨምርና አንድ ሁለት ቀን ጠብቅ። ከዞረ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስስ። ይኸ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። እንደ ዛሬ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር የሽቦ ወንፊት አለው። ወንፊቱን አውጥተህ እጠበው። ከወንፊቱ ላይ የብረት ብናኝ ካገኘህ በእጅህ ይዘህ ለመካኒኩ አሳየው፤ ስለ ውስጡ ብዙ ይናገራል። ወንፊቱን መልሰህ ግጠም፣ አዲስ ዘይት ሙላ። ከዚያ ካንዴላውን ሳትገጥም በሞተሪኖ ጥቂት አሽከርክረው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። ነዳጅና እሳት የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ሲነሣ ጭስ ይኖራል፤ የጨመርክበት ዘይት ነው፣ አትደንግጥ።

ከተነሣ በኋላ የሚያቆየው የቫልቭ ልክ፣ ማለት በቫልቩና በሚገፋው ብረት መሐል ያለው ክፍተት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ለ1300 ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይፈተሽ፣ ዘይቱም አብሮ ይለወጥ። ከአራቱ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ በደንብ ተጠንቀቅ። በግራ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው። በዚያ ዘመን ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደ እሱ በሚሄደው አየር ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ የበለጠ ይሞቃል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቀድሞ የሚሄደው የእሱ ነው። ልኩ በየፍተሻው እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፤ ተቆርጦ ፒስተኑን ሳይመታ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ራስ) አስፈታ።

በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና ጎማዎች አንዱንም አትጣል። ብዙ ሠራተኛ ለመፍታት ስለሚያስቸግሩት ያወጣቸውና መልሶ አይገጥማቸውም። ሥራቸው ቀዝቃዛውን አየር ከላይ፣ ሙቁን ከታች መለየት ነው። ከሌሉ ማራገቢያው ያንኑ የጋለ አየር መልሶ ይስባል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል 16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ በቀትር ወደ ጢስ ዓባይ ስትነዳ እያንዳንዱ ቁራጭ ላሜራ ይፈለጋል።

ያው የሳሳ አየር ካርቡራተሩንም ይነካዋል። ከውጭ የመጣ አዲስ ካርቡራተር ለዝቅተኛ አገር የተለካ ነው፤ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ፣ ጭሱም ከጠቆረ፣ ቤንዚን የምትመጥነውን ጄት አንድ ደረጃ አሳንሳት። 125 ከሆነች 120 ሞክር። የካንዴላው ጫፍ ቀለል ያለ ቡናማ ሲሆን ልክ ነው። ጉልበቱ እንደ መጽሐፉ 40 የፈረስ ጉልበት ይሆናል ብለህ ግን አትጠብቅ። እዚህ ከፍታ ላይ 33 ቢሰጥህ ደህና ነው።

የማራገቢያውን ቺንጊያ በአውራ ጣትህ ጫን ስትለው 15 ሚሊ ሜትር ያህል መጉበጥ አለበት። እየነዳህ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ እዚያው ቁም። በሌላ መኪና ላይ «ቤት እስክደርስ» ብለህ ብትሄድ ባትሪ ነው የምታጣው። ቮልስ ላይ ያቺ ቺንጊያ ማራገቢያውንም ስለምታዞር ሞተር ነው የምታጣው። አንድ ትርፍ ቺንጊያና 21 ቁልፍ ሁልጊዜ ይኑርህ።

ስለ ሰው ጠይቀሃል። ባሕር ዳር ውስጥ ለቮልስ ጥሩ የሆኑ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ ሸምገል ያሉት መካኒኮች ናቸው። ብዙዎቹ ጋራዛቸውን ዘግተዋል፣ ግን እጃቸው አልረሳም። ቤታቸው ሂድ፣ አክብረህ ጠይቅ፣ ከባድ ሥራ አትስጣቸው። ወንበር አምጥተህ አጠገብህ አስቀምጣቸውና ሞተሩን እንዲሰሙልህ ጠይቃቸው። ሁለተኞቹን ሰው አያስባቸውም፤ የባጃጅ መካኒኮች ናቸው። ዛሬ የቶዮታ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ኮምፒውተር ካልሰካ ግራ ይገባዋል። የባጃጅ መካኒክ ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርና ካርቡራተር ሲፈታ ይውላል። የቫልቭ ልክና የጄት ነገር ለእሱ የዕለት ሥራው ነው። ከሽማግሌው ጋር ብታገናኛቸው ቮልስህ አንድ ሙሉ መካኒክ አገኘ ማለት ነው።

ለዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዛሬም የመጀመሪያው አድራሻ ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ድረስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለተመረተ የሞተር ዕቃ አይቸግርም። የሚቸግረው የቦዲ ዕቃ ነው። አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ በጣም ከብዷል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በየግቢው የቀረው እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ ክዳን ዋጋ አለው። ጎረቤትህ ቮልሱን ለቁራሌው ሊሸጥ ሲል ከሰማህ ቀድመህ ድረስ። ለአንተ ባይሆን ለሌላው ይሆናል።

ይኸን ሁሉ ብቻህን አትችለውም፣ ብቻህንም መሥራት የለብህም። ቶርክ ቁልፍ፣ 36 ቁልፍ፣ የቫልቭ መለኪያ፣ የጊዜ መብራት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ማስተካከያ)፤ አንድ ሰው ሁሉንም መግዛት አያስፈልገውም። ከተማው ውስጥ ቮልስ፣ ላንድሮቨር፣ ፔጆ 404 ያላቸውን አምስት ስድስት ሰዎች ፈልግ። መሣሪያውን ተከፋፍላችሁ ግዙ። ከአዲስ አበባ ዕቃ ስታስመጡ በአንድ ላይ አዝዙ፤ የጭነቱ ዋጋ ይቀልላል። እሑድ ጠዋት ተራ በተራ አንዱ ግቢ ተሰብሰቡ። የአንዱን ፍሬን ሁላችሁም ስትሠሩ የሁላችሁም ፍሬን የት እንደሚያም ትማራላችሁ። አንድ ሕግ ብቻ አድርጉ፦ የፈታ ሰው ሳይገጥም ወደ ቤቱ አይሂድ።

ሥራው ሲያልቅም መኪናውን አታቁመው። በሳምንት አንድ ቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፣ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ከማቆም ይብሳል፤ ውሃው በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይቀራል። የጎማው አየር ከፊት 18፣ ከኋላ 26 ፒኤስአይ አካባቢ ይሁን። ጎሚስታው ለአራቱም እኩል 30 ሊሞላልህ ይፈልጋል፤ እምቢ በለው። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ የፊት ጎማው ከጠነከረ መሪው ይባዝናል።

ስለ ቀለሙ መኪናው አንድ ክረምት ውሃ ሳያስገባ ሲያልፍ እንነጋገራለን። እስከዚያ የፊት ክዳኑ ሥር ወይም መለዋወጫ ጎማው አካባቢ የቀለም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካለ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጠው። ለጊዜው ሁለት ነገር ላክልኝ፦ ኖራ ያደረግክበትን ወለል ፎቶ፣ እና የሞተሩን ቁጥር። ቁጥሩ ከዲናሞው ማስቀመጫ ሥር ሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል፤ በቤንዚን በነከረ ጨርቅ ስትጠርገው ይታያል። በፊደል ኤፍ ከጀመረ ሞተሩ የራሱ 1300 ነው። በኤች ከጀመረ ግን አባትህ ወይም ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው 1500 ገጥሞበታል፤ ያን ጊዜ የጄቱን ነገር እንደገና እነግርሃለሁ።